ከመልሱ ማግስት ስላለው ትዳር፦ ለአማርኛ ፊልም ሠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአማርኛ ፊልም ደራሲያን፣ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲውሰሮች፣ እንዲሁም ለከተማችን ሲኒማ ቤቶች ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሮማንቲክ ኮሜዲ ፊልሞቻችን ከሠርጉ በኋላ ያለውን ትዳር እንዲይዙ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ልደታ አካባቢ ቢሮ ከፍቼ በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ የምሠራ ጠበቃና ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ፊልም ተመልካች ሆኜ የቆየሁ ሰው ነኝ። የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ቀኑን የምውለው ትዳራቸው ከታወከባቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በሜክሲኮ አደባባይ አድርጌ እስከ አምባሳደር መሄድና የዕለቱን ፊልም ማየት ከወጣትነቴ ጀምሮ የማልተወው ልማዴ ነበር። በችሎት የሚሰማው ትዳርና በሸራው ላይ የሚታየው ትዳር እጅግ የተራራቁ ሆነው ስላገኘኋቸው ስለዚሁ ጉዳይ በግልጽ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የደንበኞቼን ምስጢር እንደማላወጣ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ ወይ በሕግ ተጽፎ የሚገኝ፣ ወይ ማንም የአዲስ አበባ ነዋሪ በጎረቤቱና በዘመዱ ቤት የሚያየው ነው።

የሮማንቲክ ኮሜዲ ታሪኮቻችንን አካሄድ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ይቀርባል፣ ወይም ድሃዋ ልጅ የሀብታም ልጅ መስላ ትቀርባለች፤ ጓደኛሞች ይወራረዳሉ፣ ውርርዱ ወደ ፍቅር ይለወጣል፣ ውሸቱ ይገለጣል፣ ይቀያየማሉ፤ በመጨረሻም አንዱ ሌላውን አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ይደርስበትና ይታረቃሉ። ከዚያ በኋላ ቬሎው፣ ሚዜዎቹ፣ በአበባ ያሸበረቀው መኪናና «ሙሽራዬ» የሚለው ዘፈን ይመጣሉ፣ ፊልሙም ያልቃል። ይህን አካሄድ አልንቀውም፤ ብዙ ጊዜ ከልቤ አስቆኛል፣ ከአዳራሹ ስወጣም ቀኑን ተሸክሜው የዋልኩትን ነገር አቅልሎልኛል። ነገር ግን ሙሽሮቹ ከመኪናው ሲወርዱ የሚገቡበትን ቤት አናየውም፤ የቤቱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ ለሠርጉ የተወሰደው ብድር ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ባልየው ምሽቱን የት እንደሚያመሽ፣ ሚስትየው ደመወዟን ለማን እንደምትነግርና ለማን እንደማትነግር አንጠይቅም። ሽማግሌው «ውለዱ ክበዱ» ብለው መርቀው ሲነሱ ካሜራውም አብሮ ይነሳል።

ትዳርን የያዙ ፊልሞች ጭራሽ የሉም ማለቴ አይደለም። ሲሠሩ ግን በአብዛኛው በሦስት አቋራጮች ውስጥ ይሽከረከራሉ፦ አማቲቱ ክፉ ናት፣ የቤት ሠራተኛዋ ቆንጆ ናት፣ ወይም ባልየው ውሽማ ይዟል። ችግሩ ሁልጊዜ ከውጭ በሚገባ ሦስተኛ ሰው ስለሚመጣ፣ ያ ሰው ከቤት ሲባረር ችግሩም አብሮት እንደወጣ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ በየዕለቱ የማየው ትዳር ግን የሚታወከው በአብዛኛው በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለ ተራ ነገር ነው። ማን ገንዘብ ለቤተሰቡ እንደሚልክ፣ ማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ፣ ማን ሳያማክር ለእቁብ እንደተመዘገበ፣ ማን በማን ዘመድ ፊት ማንን እንዳቃለለ ነው ጭቅጭቁ። ይህ ሁሉ ደግሞ ለኮሜዲ ከውሽማ ታሪክ ይልቅ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ባለትዳር ሁሉ ራሱን ያገኝበታል።

ለዚህ ማሳያ ይሆን ዘንድ በፊልሞቻችን ደጋግሞ የሚመጣውን የፍቺ ትዕይንት ልውሰድ። ባል ወይም ሚስት ከቦርሳ አንድ ወረቀት ያወጣና «ፈርሚ» ወይም «ፈርም» ይላል፤ ሌላው እያለቀሰ ይፈርማል፤ ትዳሩም በዚያው ቅጽበት ፈረሰ ይባላል። ይህ ከውጭ ፊልም የተወሰደ እንጂ የእኛ አገር አሠራር አይደለም። በአዲስ አበባ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሁለቱ ተጋቢዎች ተስማምተው እንኳ ቢፋቱ ስምምነታቸው ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ እንዳለበት ይደነግጋል። አንደኛው ወገን ብቻ ፍቺ ከጠየቀ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ ወደ ውሳኔ አይሄድም። በመጀመሪያ ለየብቻም ሆነ በአንድነት አነጋግሮ እንዲታረቁ ይሞክራል፤ ይህ ካልሆነ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን እንዲያዩ ሊመራቸው ይችላል፤ ረጋ ብለው እንዲያስቡበትም ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

እነዚህን ሦስት ወራት እባካችሁ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ተመልከቷቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት የፍቺ አቤቱታ ቀርቦባቸው ሦስት ወር እንዲያስቡበት ተሰጥቷቸዋል እንበል። ሕጉ እንዲያስቡበት ጊዜ ሰጣቸው እንጂ ሌላ ቤት አልሰጣቸውም፤ የከተማችን ኪራይ ደግሞ ሁለት ቤት ለመክፈል የሚያስችል አይደለም። ስለዚህ የሚፋቱት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀራሉ። ማን አልጋው ላይ ማን ሶፋው ላይ እንደሚተኛ በጽሑፍ ይስማማሉ፤ ማቀዝቀዣውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ጎረቤት እንዳያውቅ ለእድር ለቅሶ አብረው ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎንም ይቀመጣሉ። ከዚያም ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሌሊት ይደርሳል፤ በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያንኮራኩር ለሳምንት ያልተነጋገሩት ሁለቱ ሰዎች ከየመኝታቸው ተነሥተው፣ አንዱ ጀሪካን ሌላው ባልዲ ይዞ፣ በጠባቡ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይገናኛሉ። ቀድሞ የተለማመዱት አሠራር አላቸው፦ እሱ ይቀዳል፣ እሷ ታቀብላለች፤ እጃቸው ያውቀዋል። ከዚህ ትዕይንት ውስጥ ሳቅም ፍቅርም ለማውጣት ቬሎም አውሮፕላን ማረፊያም አያስፈልግም። ባለሙያዎቹ እናንተ ስለሆናችሁ ከዚህ በላይ አልሄድም፤ የምለው ሕጉ ራሱ የፊልም አወቃቀር አዘጋጅቶ አስቀምጦላችኋል ነው። መነሻው፣ የጊዜ ገደቡና የመጨረሻው ቀጠሮ ተሰጥቷል።

ይህ አሳብ በዓለም ሲኒማ አዲስ አለመሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሊዮ ማኬሪ ያዘጋጀው «ዘ ኦውፉል ትሩዝ» የተሰኘው የአሜሪካ ኮሜዲ፣ ፍርድ ቤት ፍቺያቸውን ወስኖላቸው ውሳኔው ሊጸና ዘጠና ቀን የቀራቸውን ባልና ሚስት የሚከተል ታሪክ ነው። ካሪ ግራንትና አይሪን ደን የተጫወቷቸው እነዚህ ሰዎች በችሎት ፊት ውሻቸው ለማን ይሁን በሚል ይከራከራሉ፤ አንዱ የሌላውን አዲስ እጮኛ ያባርራል፤ ፊልሙም የመጨረሻዋ ቀን እኩለ ሌሊት ሳትደርስ ያልቃል። ማኬሪ በዚያ ሥራው የኦስካር የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አግኝቶበታል። ያን ፊልም እንድትገለብጡት አልጠይቅም። ይልቁንም ያስገረመኝ፣ የእነርሱ ዘጠና ቀንና የእኛ ሕግ ሦስት ወር አንድ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ከውጭ ፊልም የወሰድነው ያንን የጊዜ ገደብ ሳይሆን ወረቀት ላይ የሚፈረመውን ፊርማ መሆኑ ነው።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ደግሞ ትልቅ ሀብት ሳትነኩት እንዳለፋችሁ ይሰማኛል። በፊልሞቻችን ሽማግሌ የሚታየው ለጋብቻ ሲላክ ነው፤ ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ይመጣሉ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ፣ ይመለሳሉ። ትዳር ሲታወክ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ግን እምብዛም አላየሁም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺን እስከመወሰን የሚደርስ ሥልጣን ነበራቸው፤ የ1992ቱ ሕግ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለእነርሱ ማስታረቅን ብቻ ተወላቸው። ብዙ አረጋውያን ግን ይህን ለውጥ በልባቸው አልተቀበሉትም፤ እስከ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እንደ ዳኛ ነው የሚቀመጡት። አንዱ የባልን ወገን፣ ሌላው የሚስትን ወገን ይዞ ይመጣል፤ ሦስተኛው ገለልተኛ ተብሎ ይመረጥና ከሁለቱም ጋር ዝምድና እንዳለው ኋላ ይታወቃል። «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ለማለት የሚፈጀው ሰዓት፣ በየመካከሉ የሚነሳው የራሳቸው የትዳር ትዝታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊዳኟት ለመጡት ሰዎች ራሷ ቡና አፍልታ የምታቀርበው ሚስት! ስኒውን ስታቀብል ምን እንደምታስብ አንድ ጊዜ በቅርብ አሳዩን። ያቺ ሴት በዝምታዋ ውስጥ ከማንም ጮክ ብሎ ከሚቀልድ ተዋናይ ይልቅ ታስቃለች፤ ታሳዝነናለችም።

ስለ ገንዘብ ባነሳ ረዘም ማለቴን ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው፤ በቢሮዬ ከሚነሱት ጭቅጭቆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ስለሚወድቁ ግን በጥድፊያ ላልፈው አልችልም። አንድ ሰው ከጋብቻ በፊት ያፈራው ወይም በውርስ ያገኘው ቤት የግሉ ነው፤ ያ ቤት ከጋብቻው በኋላ የሚያስገባው የኪራይ ገቢ ግን በሕጉ የጋራ ሀብት ነው። ይህን የማያውቅ ባል ቁጥሩ ብዙ ነው። ከእናቱ የወረሰውን የግቢ ክፍል አከራይቶ ኪራዩን በሌላ ባንክ ሒሳብ የሚያስቀምጥ፣ ተከራዩን «ባለቤቴ ከጠየቀችህ ያለኪራይ ነው ያስቀመጠኝ በል» ብሎ የሚያስጠና፣ ተከራዩም በየወሩ አዲስ ውሸት ለመፍጠር የሚቸገርለት ባል ብታሳዩን፣ ተመልካቹ ስቆ ሲወጣ ስለ መብቱ አንድ ነገር አውቆ ይወጣል። ወይም በ2005 ዓ.ም. ሳይጋቡና ሳይተዋወቁ ለየብቻ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ሲቆጥቡ የኖሩ ወንድና ሴት ውሰዱ። ከተጋቡ በኋላ ቁጠባውን እያንዳንዳቸው እንደ መጠባበቂያ በልባቸው ይዘውታል፤ የእጣው ስም ዝርዝር የሚወጣበት ቀን ሲመጣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ጋዜጣ ይገዛሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁለቱም የሚዋደዱ ናቸው፤ ያስቸገራቸው ትዳራቸው ቢፈርስ የት እንደሚገቡ በድብቅ ማስላታቸው ነው። ይህንን ስሌት በአዲስ አበባ የማያውቅ ባለትዳር ያለ አይመስለኝም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

ልጅ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በፊልሞቻችን እርግዝና የሚታየው ወይ እንደ ምሥጢር ወይ እንደ መጨረሻው የደስታ ዜና ነው። አራስ ቤቱ አይታይም፤ ገንፎው፣ የሁለቱ አያቶች ፉክክር፣ የሌሊቱ ለቅሶ አይታይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ አባት መሆንን ተምሮ ለመጨረስ የሚሯሯጥ ሰው፣ በአራተኛው ቀን ቢሮው ተቀምጦ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም በአማቱና በእናቱ መካከል መቀመጫ ያጣ ሰው ራሱን የቻለ ፊልም ነው። እናቲቱስ? ከ90 ቀን በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ሞግዚት ፍለጋ በደላላ በኩል የምታልፍበት መንገድ ከየትኛውም የፍቅር ማሳደድ ይልቅ ውጣ ውረድ የበዛበት ነው።

አንድ ነገር ግን ከሳቁ ውጭ እንዲሆን በብርቱ አሳስባለሁ። በበርካታ ፊልሞች ውስጥ ባል ሚስቱን በጥፊ ይመታል፣ አዳራሹም ይስቃል፤ ወይም ሚስት ባሏን ትመታለች፣ አዳራሹ ይበልጥ ይስቃል። ሙዚቃውና አቀራረቡ እንድንስቅ ስለሚያዘን ነው የምንስቀው። አዋጅ ቁጥር 414/1996 ሆኖ የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በተለይ ለይቶ አስቀምጦታል። ጥፊው በቢሮዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲተረክ ማንም አይስቅም፤ ተራኪዋ ብዙ ጊዜ ከጥፊው በፊት የነበረውን ምሽት፣ ልጆቹ የት እንደነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ማን ደውሎ «ገበናሽን አትግለጪ» እንዳላት አንድ በአንድ ታስታውሳለች። ጥፊን አታሳዩ አላልኩም፤ ከታየ ግን እንደ ቀልድ መቋጫ አይታይ፤ የሚከተለውን ነገር ተሸክሞ ይታይ። ጥፊ ሳይጨመርበት የማያስቅ ትዕይንት ካለ ደራሲው ጽሑፉን እንደገና ሊያየው ይገባል።

ትዳርን በሳቅ ማየት ለእኛ ጥበብ እንግዳ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ «ጠልፎ በኪሴ» ብለው ልጃገረድ ጠልፎ የማግባትን ልማድ ለመድረክ ሳቅ አቅርበውታል፤ «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኘው ተውኔታቸውም የተማረና ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው ከቤት ሠራተኛው ጋር የሚመሠርተውን ትዳር፣ ዘመድ አዝማድ በዘር ቆጠራ ሲያናውጠው አሳይተዋል። የተመልካቹን ልማድ እየነቀፉ ተመልካቹን ያስቁታል፤ ገጸ ባሕርያቱን ግን አያዋርዷቸውም። ትዳሩን የምትቃወመው የሰውየው አክስት እንኳ ስትከራከር የራሷ አመክንዮ አላት፤ እናምናታለን፤ ስለምናምናትም ነው የምንስቀው። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ የቤተሰብ ሕጉ ተለውጧል፤ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ የነበረው ድንጋጌ ቀርቶ ተጋቢዎች በቤተሰብ አመራር እኩል መብት አላቸው ተብሎ ተጽፏል፤ የጋብቻ ዕድሜም ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ሆኗል። ከዚያ ሁሉ ለውጥ በኋላ የመጣው ትዳር ግን ገና የራሱን ኮሜዲ አላገኘም። በወረቀት እኩል፣ በሳሎን ውስጥ ግን ማን ሪሞቱን እንደሚይዝ ያልተወሰነለት የዛሬው ትዳር ጸሐፊ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ለምን ከኮሜዲ እንደምጠብቅ፣ ስለ ትዳር ችግር አስተማሪ ድራማ አይበቃም ወይ ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። በእኛ ዘንድ የትዳር ችግር ገበና ነው። ለእናት አይነገርም፣ ለጓደኛ በከፊል ይነገራል፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሽማግሌ የሚነገረው ከመሸ በኋላ ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስማ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ረፍዷል። ባልና ሚስት ችግሩ የእነርሱ ብቻ ይመስላቸዋል። ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ግን መብራቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ በሸራው ላይ ባልየው የደመወዙን ልክ ሲዋሽ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይስቃል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ አጠገቡ የተቀመጠች ሰው፣ ይህ ውሸት በእሱ ቤት ብቻ እንዳልተፈጠረ ይገባዋል፤ እሷም ይገባታል። ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገድ ላይ ስለ ፊልሙ እያወሩ ስለ ራሳቸው ያወራሉ፤ ማንም ማንንም ሳይከስስ። ድራማ ሲያስተምረን እንጠነቀቃለን፤ ስንስቅ ግን ጥንቃቄያችንን እንረሳለን። እኔ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሰዓት ነው የምሠራው፤ ቀድሞ ሊደረስበት የሚቻለውን ሰዓት ለእናንተ አደራ እላለሁ።

ፕሮዲውሰሮች የምትሰጡትን መልስ አውቃለሁ፤ ሲኒማ የሚገባው ወጣት ነው፣ ወጣት ደግሞ ሠርግ እንጂ የኪራይ ጭቅጭቅ ማየት አይፈልግም ትላላችሁ። ወጣቱ በብዛት እንደሚገባ እውነት ነው። ነገር ግን ባለትዳሩ ከሲኒማ የራቀው ሳቅ ስለጠላ አይደለም፤ ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የቤተሰብ ድራማ የሚከታተለው ያው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ የአማት፣ የምራትና የባል ጉዳይ የሞላባቸው ታሪኮች በየሳሎኑ እንዴት እንደተከበቡ ሁላችንም አይተናል። የባዕድ አገር አማት ያን ያህል ከሳበችን፣ የጉለሌዋና የቀበናዋ አማት እውነተኛ ሆና ብትጻፍ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ወጪውም ቢሆን እናንተን የሚያስፈራ አይመስለኝም፤ አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ የእድር ድንኳንና ጥሩ ጽሑፍ የሚበቃው ታሪክ፣ ቪላና የሠርግ አዳራሽ ከሚጠይቀው ታሪክ ይልቅ በርካሽ ይሠራል።

ለሲኒማ ቤቶች ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ባለትዳር ልጁን የሚያስቀምጥበት ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው እሑድ ከሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ለሁለት ሰው በአንድነት ቅናሽ ያለው ትኬት ቢዘጋጅ፣ ትዳርን የያዙ ፊልሞችም ሲገኙ ከሥራ ቀን ማታ ይልቅ በዚያ ሰዓት ቢታዩ ብዙ ሰው እንደሚመለስ አምናለሁ። ከተቻለም ከፊልሙ በኋላ ደራሲውና ተመልካቹ ለጥቂት ጊዜ የሚነጋገሩበት ሁኔታ ይመቻች፤ ባለትዳሮች ስለ ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ደራሲው ለሚቀጥለው ሥራው የሚሆን ብዙ ነገር ይሰማል።

ደራሲያን ሆይ፣ የፍቺ፣ የሽምግልና፣ የጋራ ንብረት ክፍፍል ወይም የልጅ አስተዳደግ ትዕይንት ያለበት ጽሑፍ ስታዘጋጁ፣ ሕጉንና የችሎቱን አሠራር በተመለከተ ያለምንም ክፍያ አንብቤ አስተያየት ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ በዚሁ ሙያ የተሰማሩ ባልደረቦቼም ፈቃደኞች እንደሚሆኑ በማነጋገር አረጋግጫለሁ። በታሪኩ፣ በቀልዱና በገጸ ባሕርያቱ ጉዳይ አንገባም፤ ያ የእናንተ ሥራ ነው። የምናየው አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ፣ ሽማግሌው ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል፣ ዳኛው በየትኛው ቀጠሮ ምን ሊል እንደሚችል ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ፍርድ ቤቶች በከፊል ስለሚዘጉ፣ ረዘም ያሉ ጽሑፎችን ለማንበብ ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለእኛ ይመቸናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ የሚሠራ ጠበቃና የአማርኛ ፊልም ተመልካች
ልደታ፣ አዲስ አበባ